ፔዳላችሁ ለምን ይጮኻል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት ውስጥ የሠራችሁት የጊታር ዲስቶርሽን ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) እምምም ማለት ሲጀምር ሁሉም ሰው አዋቂ ነው። እኔም የተነገረኝን ሁሉ አምኜ ብዙ ብር አቃጥያለሁ።

«አይሲው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ይሄኛው ሦስት አይሲ (ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ ቺፕ) አስቀይሮኛል። ጩኸቱ ንቅንቅ አላለም። ቲኤል072 የሚባለው ተራ አይሲ ለጊታር ከበቂ በላይ ነው፤ የኔ ችግር አዳፕተሩ ነበር። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አዳፕተሩን ንቀሉና 9 ቮልት ባትሪ ግጠሙ። ጸጥ ካለ ሰርኪዩቱን አትንኩት። በኃይል መግቢያው ላይ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከሱ በኋላ ደግሞ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ (የጋራው ዜሮ መስመር) አስገቡ። 100 ኸርዝ ላይ ያለውን ጉምጉምታ ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርደዋል። ፔዳሉ 5 ሚሊአምፒር ቢወስድ የምታጡት ግማሽ ቮልት ብቻ ነው።

ጆሯችሁም መሣሪያ ነው። የወፍራሙን ክር ሦስተኛ ፍሬት ምቱ፣ 98 ኸርዝ ነው። ጉምጉምታው ከሱ ጋር ከተቀራረበ ያው 100 ኸርዙ ነው፣ ማለትም በደንብ ያልተጣራ አዳፕተር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ኦክታቭ (በግማሽ) ዝቅ ካለ ደግሞ ከአካባቢው ሽቦ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። ዲስቶርሽን ድምፁን ስለሚያበላሸው ግን መቶ በመቶ አትመኑት። የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉ፤ ከጠፋ የለቀመው ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚለቅመው የጊታሩ ክፍል) ነው፣ ፔዳሉን በከንቱ እየረገማችሁት ነበር።

«የአምፑን ፕላግ የግራውንድ እግር ብትነቅለው ይጠፋል»

አዎ፣ አንዳንዴ ይጠፋል። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ሻሲውን (የብረት አካሉን) ከነካ ግን 220 ቮልት በጊታሩ ክር በኩል እጃችሁ ላይ ይመጣል። ይህን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው ሌላም ምክር አትጠይቁት።

«ብረት ሳጥን ውስጥ ከገባ አለቀ»

ሳጥኑ ከግራውንድ ጋር ካልተገናኘ ምንም አይከላከልም፣ እንዲያውም ራሱ አንቴና ይሆናል። ጃኩ ፕላስቲክ ከሆነ ወይም ሳጥኑ ቀለም ከተቀባ ግንኙነቱ ይቀራል። ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርጉና በመልቲሜትር ለኩ። በትክክል ከተገናኘ የብስኩት ቆርቆሮም ይሠራል።

«ካፏጨ አንድ ዕቃ ተቃጥሏል»

ብዙ ጊዜ ምንም አልተቃጠለም። ጌይኑ (ድምፁን የሚያጎላበት መጠን) ከፍተኛ በሆነ ፔዳል የመግቢያውና የመውጫው ሽቦ ጎን ለጎን ከሄዱ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባና ራሱን እያባዛ ያፏጫል። በደረቅ እንጨት ሽቦዎቹን ገፋ ገፋ አድርጉ፣ ፉጨቱ ከተለወጠ አገኛችሁት ማለት ነው። አራርቋቸው፣ አጭር አድርጓቸው፣ የመግቢያውን ሽልድ (የብረት መከላከያ ሽፋን) ባለው ሽቦ ቀይሩ። እንጨቱ አንድ ብየዳ ሲነካ ክርክር ካለ ደግሞ እሱን እንደገና አሙቁት።

«ስዊቹን ስረግጥ ጧ የሚለው ስዊቹ ስለተበላሸ ነው»

ብዙ ጊዜ ስዊቹ ደህና ነው፤ ጧ የሚለው ካፓሲተር ላይ የቀረ ቻርጅ ነው። መጀመሪያ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ከመግቢያው ወደ ግራውንድ፣ አንድ ደግሞ ከመውጫው ሞክሩ።

«ሽሽታው (ሽሽሽ የሚለው ድምፅ) ዜሮ መሆን አለበት»

አይሆንም። ሬዚስተር በራሱ ሽሽታ ያወጣል፤ በድምፁ መንገድ ላይ በተከታታይ የገባ 1 ሜጋኦም ከ10 ኪሎኦም 10 እጥፍ የሽሽታ ቮልቴጅ አለው። የሚቀነሰውን ቀንሱ። ጌይኑን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ የሚቀረውን ሽሽታ ግን ጊታር መምታት ስትጀምሩ አትሰሙትም።