ነዳጅ ቆጣቢነት ምንድን ነው? ትንሿ መኪናስ አንዳንዴ ለምን ትበላለች?

«መኪናህ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» መኪና የያዘ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ አይውልም። መልሱም ሁሌ አንድ ቁጥር ነው። «አሥራ አምስት።» «የኔዋ ሃያ ትሄዳለች ባክህ!» ቁጥሩ ከፋብሪካ ታትሞ የወጣና የማይነቃነቅ ነገር ይመስላል። ግን ያቺው ሃያ የምትሄደው መኪና በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ሁለት ልትሄድ ትችላለች። ሞተሯ ሳይነካ፣ ሾፌሯም ሳይቀየር።

ነዳጅ ቆጣቢነት ማለት በተወሰነ ነዳጅ ምን ያህል መንገድ ተሄደ ማለት ነው። በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው በአንድ ሊትር የተሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው በ100 ኪሎ ሜትር የተቃጠለው ሊትር ነው። አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ቀላል ነው፤ 100ን በቁጥሩ ማካፈል ብቻ ነው። በሊትር 20 የምትሄድ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ትፈልጋለች።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ያታልላል። ከ10 ወደ 12.5 ኪሎ ሜትር ያሻሻለ ሰው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2 ሊትር ያተርፋል። ከ20 ወደ 25 ያሻሻለው ግን የሚተርፈው 1 ሊትር ነው። ወሬ ላይ ሁለተኛው ያሸንፋል፣ ኪስ ላይ ግን የመጀመሪያው።

ቤንዚኑ የት ይሄዳል?

አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት አለ። ብዙ ነው። ችግሩ ሞተሩ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ቀይሮ በራዲያተሩና በማርሚታው በኩል ማስወጣቱ ነው። በተለመደው አነዳድ ጎማው ጋ ደርሶ መኪናዋን የሚገፋው ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተረፈችውን ጉልበት የአየር ግፊት፣ የጎማ ፍትጊያና ፍሬን ይካፈሏታል።

አሁን ስለ ትንሽ መኪና እናውራ። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን መኪና ሜዳ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እኩል ስትጓዝ የሚያስፈልጋት ጉልበት ከ3 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ሞተሯ 60 ወይም 70 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ቢጻፍም ለዚህ ፍጥነት የምትጠቀመው ጥቂቱን ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 15 ገደማ ትጠይቃለች።

እንግዲህ የትንሽ መኪና ጥሩውም መጥፎውም ነገር እዚህ ላይ ነው። የምትፈልገው ጥቂት ስለሆነ፣ የሚጨመርባት ነገር ሁሉ ድርሻው ትልቅ ይሆናል። ትልቅ መኪና ላይ ሦስት ሰው ቢጨመር ላይታወቅ ይችላል። 900 ኪሎ የምትመዝን መኪና ላይ ግን ሾፌሩን ጨምሮ አራት ሰው ማለት 280 ኪሎ አካባቢ ነው። ከራሷ ክብደት ወደ አንድ ሦስተኛው ይጠጋል።

ኤሲው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በኃይለኛ ሙቀት፣ ፀሐይ ላይ ቆማ የዋለች መኪና ውስጥ ኤሲ ሙሉ ሲከፈት ኮምፕረሰሩ (በሞተሩ የሚዞረው የኤሲ ጋዝ መጭመቂያ) ብቻውን ከ3 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። ከላይ ያለውን ቁጥር ልብ በሉ፤ መኪናዋን በ50 ለማስኬድ የሚያስፈልገውን ያህል ማለት ነው። «ኤሲ ስከፍት መኪናዬ ትሞታለች» የሚሉ የትንሽ መኪና ባለቤቶች አያጋንኑም። ስለዚህ መጀመሪያ መስኮት ከፍቶ የታመቀውን ሙቀት ማስወጣት፣ ከዚያ ኤሲውን መክፈት ይሻላል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲኬድ መስኮቱ ይበቃል። ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሲኬድ ግን የተከፈተ መስኮት ራሱ አየሩን ይረብሸዋል፤ ያኔ መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን በልኩ መክፈት አያስቆጭም።

ፍሬን በረገጥን ቁጥር

ስለ ነዳጅ ስናወራ ሁሉም ነዳጅ መስጫውን ይወቅሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋናው ተጠያቂ ፍሬኑ ነው። ፍጥነት በነዳጅ የተገዛ ነገር ነው። ፍሬን ሲረገጥ ያ የተገዛው ፍጥነት የፍሬን ሸራ አሙቆ ይቀራል።

ስንት ነው የሚጠፋው? አንድ ቶን የምትመዝን መኪና ከቆመችበት ተነስታ 50 እንድትደርስ ለዚያ ፍጥነት ብቻ የሚወጣው ቤንዚን ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ሰባና ሰማንያ ጊዜ እንደዚያ ተነስቶ መቆም አንድ ሊትር ይጨርሳል፤ ያውም የአየሩና የጎማው ድርሻ ሳይቆጠር። መብራትና ትራፊክ በበዛበት ከተማ ይህን ያህል ጊዜ መቆም ሳምንት አይፈጅም። ከፊት ያለውን መኪና ለማለፍ ሽው ብሎ ወጥቶ ቀዩ መብራት ላይ ፍሬን የሚይዝ ሾፌር ማንኪያውን እየደፋ ነው የሚሄደው።

መፍትሔው ግን እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሞተር ጥቂት ሥራ ይዞ በከፍተኛ ዙር ከሚጮህ፣ ደህና ሥራ ይዞ በዝቅተኛ ዙር ቢሽከረከር የተሻለ ይቆጥባል። ደህና አድርጎ መነሳት፣ ሞተሩ ሳይጮህ በደቂቃ 2,000 ወይም 2,500 ዙር አካባቢ ማርሽ መቀየር፣ የሚፈለገው ፍጥነት ላይ ሲደረስ በከፍተኛ ማርሽ ማረፍ። ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ማርሹ በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ መቀነስ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዓይን ነው። ከሩቅ ቀይ መብራት ከታየ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ መኪናዋን በራሷ እንድትበርድ መተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ቁልቁለት ሲመጣ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መውረድ። «ሞተሩ አይሠራም፣ ነዳጅ አይበላም» ይባላል። ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር በሚደባለቅበት በካርቡሬተር ጊዜ ለዚህ የሚሆን ምክንያት ነበረ። ኮምፒውተር ነዳጁን እየለካ በሚረጭበት በኢንጄክሽን ሞተር ግን ነገሩ ተገልብጧል። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ፣ ዙሩ በጣም እስካልወረደ ድረስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፍሪ ሲወረድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) መሥራት አለበት፤ ለዚያም ይጠጣል። በዚያ ላይ የሞተሩ የመያዝ ጉልበት ስለማይኖር ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመጣ ለሾፌር አይነገረውም።

ስለ ሚኒሞ ካነሳን፣ ቆማ የምትሠራ ትንሽ መኪና በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ትወስዳለች፤ ኤሲ ከተከፈተ ወደ ላይኛው ትጠጋለች። ሰው ሲጠበቅ ሞተር ማጥፋት ያዋጣል። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ አጥፍቶ ማስነሳት የሚያስከፍለው ከጥቂት ሰኮንዶች የሚኒሞ ፍጆታ አይበልጥም።

አጭር መንገድ፣ ቀዝቃዛ ሞተር

ለዳቦ ብሎ መንደር ውስጥ ደርሶ መመለስ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከሁሉም ውድ ጉዞ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር በደንብ እንዲነድ ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል፣ ዘይቱም ገና ወፍራም ስለሆነ ያንቀዋል። ሞቆ ወደ ልኩ ሳይመለስ ይጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። አራት ጉዳይ ካለ ተራርቆ አራት ጊዜ ከመውጣት በአንድ ዙር መጨረስ ይሻላል። ጠዋት ሞተር አስነስቶ ለረጅም ጊዜ ማሟሟቅም ለኢንጄክሽን መኪና አያስፈልግም። ትንሽ ቆይቶ በቀስታ መነሳት ይበቃል፤ እየሄደች ቶሎ ትሞቃለች።

ረጅም መንገድ ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 110 ከፍ ማለት እንኳ የአየሩን ግፊት በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ከታሰረ ደግሞ የባሰ ነው። ሻንጣው ውስጥ መግባት ከቻለ ይግባ። ባዶውን ፖርቶመጋላም ያለሥራ ዓመት ሙሉ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም።

ጎማ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። የጎማው ንፋስ በቀነሰ ቁጥር ጎማው ይለጠጣል፣ ይሞቃል፣ ሞተሩም ያንን ሙቀት በነዳጅ ይከፍላል። ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም። መለካት ያለበትም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ስለ አየር ፊልትሮም አንድ ነገር። «ፊልትሮ ቀይር፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ» የሚለው ምክር የካርቡሬተር ዘመን ምክር ነው። በኢንጄክሽን መኪና የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን ያን ያህል አይለውጠውም። መቀየሩ ግን ለሞተሩ ደግ ነው። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው (ያለጊዜው መንደድን ይበልጥ የሚቋቋም) ቤንዚን ደግሞ መኪናዋ ካልጠየቀች ገንዘብ ማባከን ነው።

ካታሎጉ ያለው ቁጥርስ?

በሊትር 25 ተብላ የተገዛች መኪና 15 ስትሄድ ሻጩ ዋሽቷል ይባላል። ላይዋሽ ይችላል። ቁጥሩ የመጣው ከላቦራቶሪ ነው። ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት በጃፓን ያገለገለው «10-15 ሞድ» የሚባለው ፈተና ከፍተኛ ፍጥነቱ 70 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። የአውሮፓው የድሮ ፈተናም ኤሲ ተዘግቶ ነበር የሚካሄደው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በተሻለ ፈተና መተካት የጀመረውም ከእውነተኛው መንገድ በመራቁ ነው። የካታሎግ ቁጥር አንዱን መኪና ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል፤ ያውም ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፈተና ከተለኩ።

የራስን መኪና ለማወቅ መለካት ነው። ሙሉ አስሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መያዝ፣ እንደተለመደው መንዳት፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ ማስሞላት። ለምሳሌ በሁለተኛው 28 ሊትር ገብቶ 420 ኪሎ ሜትር ተሄዶ ከሆነ በሊትር 15 ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 6.7 ሊትር። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ አይታመንም። ቀጂው መቼ እንዳቆመ፣ መኪናዋም ሜዳ ላይ ትቁም ዘንበል ትበል ውጤቱን ይለውጠዋል። ሦስት አራት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይያዝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ማስደሰት ይወዳል።

አማካዩ ከታወቀ በኋላ ቁጥሩ በድንገት ከተበላሸ የአነዳድ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ያኔ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የሙቀት መለኪያው ብዙ ተነድቶም ወደ መሃል ካልወጣ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነኝ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የሞተር መብራት በርቶ ከሆነ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ የሚለካው) ይፈተሽ። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ተጣብቆ ይሆናል። እጅን ቸርኬው ላይ ማሳረፍ ግን አይመከርም፤ ጠጋ ማድረጉ ብቻ ሙቀቱን ያሳውቃል።