ታማኝ ወይስ ንጹሕ? ስለ ኮንግረስ መሪዎች ምርጫ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ አሜሪካ ኮንግረስ ወሬ ሲነሳ አንዲት የማትቀር አስተያየት አለች። "ተወው ባክህ፣ እዚያም የሚሾመው የአለቃ ሰው ነው።" እኔ ለዚህ ሁሌ የማነሳው የ2006ቱን ታሪክ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ኖቬምበር ዴሞክራቶች ከ12 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን መልሰው አሸነፉ። ናንሲ ፔሎሲ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባዔ ልትሆን ነው። የቀሰቀሰችው ደግሞ ዋሽንግተንን ከሙስና አጸዳለሁ እያለች ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ላለው ወንበር፣ ለአብላጫው መሪነት፣ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ የሜሪላንዱ ስቴኒ ሆየርና የፔንስልቬኒያው ጆን ሙርታ። ፔሎሲ ደብዳቤ ጽፋ ሙርታን ደገፈች።

የተሳሳተ፦ አለቃ የፈለገው ይሾማል

እውነታው፦ 149 ለ86። ሆየር አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው። ድምፁ የሚሰጠው በምክር ቤቱ ያሉ የፓርቲው አባላት ብቻቸውን በር ዘግተው፣ በምስጢር ነው። ኮሪደር ላይ ትከሻህን መታ አድርጎ "አለሁልህ" ያለህ ሰው ውስጥ ገብቶ ማንን እንደመረጠ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። በነገራችን ላይ አፈ ጉባዔው የሚመረጠው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። እሱ በሙሉ ምክር ቤቱ ፊት፣ በስም ጥሪ ነው፤ መደበቂያ የለም። ሪፐብሊካኑ ኬቨን ማካርቲ በ2023 አፈ ጉባዔ ለመሆን 15 ዙር የተንገላታው እዚያ ነው።

የተሳሳተ፦ ፔሎሲ ሙርታን የደገፈችው ሙስና ስለማይገዳት ነው

እውነታው ውለታ ነው። በ2001 እሷና ሆየር ዊፕ ለሚባለው ቦታ፣ ማለትም የፓርቲውን ድምፅ ቆጥሮ ለሚያሰባስበው ሰው ሥልጣን፣ ተፎካክረው ነበር። 118 ለ95 አሸነፈችው። ያን ዘመቻ የመራላት ሙርታ ነው። ከዚያም በ2005፣ የቀድሞው የማሪን (የባሕር ወለድ ጦር) ወታደር ሙርታ፣ ሠራዊቱ ከኢራቅ ይውጣ ብሎ ሲነሳ የፓርቲው ክርክር መልኩ ተቀየረ። ይሄ ተራ ውለታ አይደለም። ከሆየር ጋር ደግሞ የቆየ ነገር አለ፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው አንድ የሜሪላንድ ሴናተር ቢሮ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። እና እኔን ብትጠይቁኝ ውለታ መመለሷ ነውር የለውም። ችግሩ ዕዳው የእሷ ሆኖ ሳለ ክፈሉ የተባሉት ሌሎቹ አባላት መሆናቸው ነው። ገና በሙስና ላይ ቀስቅሰው የተመረጡ ሰዎች።

የተሳሳተ፦ ካልተከሰሰ ንጹሕ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጃንዋሪ 1980። ኤፍቢአይ የሀብታም ዓረብ ሼኮች ወኪል የሚመስሉ ሰዎችን አሰማርቶ የኮንግረስ አባላትን እያጠመደ ነበር፤ አብስካም ይባላል። ሙርታ ከነዚህ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሏል። ካሜራ ተደብቋል። መሳቢያው ውስጥ 50,000 ዶላር አለ። ሙርታ አልነካውም። ግን ተነስቶም አልወጣም። አሁን አልፈልግም አለ፣ ወደፊት አብረን ከሠራን ምናልባት ልፈልግ እችላለሁ፣ ምናልባትም አልፈልግ፣ አለ። ወደ ምርጫ ወረዳው ኢንቨስትመንት ስለማምጣትም አወራ። በዚያ ወጥመድ ስድስት የምክር ቤት አባላትና አንድ ሴናተር ተፈረደባቸው። ሙርታ አልተከሰሰም፤ የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ተወው።

በሕግ አለቀ። ነገር ግን በ2006 ቪዲዮው እንደገና ወጣ። "አሁን አልፈልግም" ብሎ ነገር፣ ሰውዬ! ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ወንጀል ሠርቷል ወይ ብሎ ነው። ፓርቲ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ይህን ሰው ፊት ለፊት አቁሜ ስለ ንጽሕና ማውራት እችላለሁ ወይ ብሎ ነው። ይባስ ብሎ ሙርታ በምርጫው ሰሞን፣ ወግ አጥባቂ ዴሞክራቶች በተሰበሰቡበት፣ ፔሎሲ የምትገፋውን የሥነ ምግባር ማሻሻያ ቆሻሻ ነገር ነው ሲል አጣጣለው፤ ግን ናንሲ ስለፈለገችው እደግፋለሁ አለ። ታማኝነትና ሥነ ምግባር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲጋጩ ሰምቼ አላውቅም።

ክሱን ራሱን መለኪያ ማድረግም ጣጣ አለው። ሪፐብሊካኖች የተከሰሰ መሪ ከቦታው ይነሣል የሚል ደንብ ነበራቸው። በ2004 የምክር ቤቱ የአብላጫ መሪያቸው ቶም ዲሌይ ሊከሰስ ይችላል ሲባል ደንቡን ቀየሩት፤ ጩኸት ሲበዛ በጃንዋሪ 2005 መለሱት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ቴክሳስ ውስጥ ተከሰሰ፣ ከመሪነቱም ለቀቀ። በ2010 ጥፋተኛ ተባለ፤ በኋላ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። መጨረሻው ነጻ ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ዓመት የሚጠብቅ ፓርቲ ግን የለም።

የተሳሳተ፦ በሙርታ ላይ ሥነ ምግባር አሸነፈ

ደስ የሚል ታሪክ በሆነ ነበር። ግን ሆየር ለዓመታት በየግዛቱ እየዞረ ለፓርቲው እጩዎች ገንዘብ ሲያሰባስብ ነበር፣ ከሎቢስቶች (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ከሚቀጠሩ ሰዎች) ጋር የነበረው ቅርበትም የሚታወቅ ነው። ብዙዎቹ የመረጡት የእሱም ውለታ ስላለባቸው ነው። ቪዲዮው ያደረገው ነገር ቢኖር ፔሎሲን እምቢ ለማለት ያመነታ ለነበረ ሰው ምክንያት መስጠት ነው።

የተሳሳተ፦ ከዚህ በኋላ ቂም ፓርቲውን ይበላዋል

አልበላውም። ፔሎሲና ሆየር ለ16 ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ሆነው አብረው ቆዩ፤ ከመሪነት እንደሚወርዱ ያሳወቁትም በአንድ ቀን ነው፣ ኖቬምበር 17፣ 2022። ሙርታስ? በ2010 እስኪሞት ድረስ የመከላከያ በጀትን የሚያደለድለው ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ያን ወንበር ማንም አልነካበትም።