ሜይል አርት ላይ «ዳኛ የለም፣ ስራ አይመለስም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በየሳምንቱ ስለሚጠየቅ አንዴ ልጻፈው። ሜይል አርት በፖስታ የሚላክ ስራ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አርቲስቱ ሬይ ጆንሰን ኮላዡን (ቆራርጦ የለጣጠፈውን ስዕል) ለወዳጆቹ በፖስታ ይልክ ነበር፣ አንዳንዱ ላይም «ጨምርበትና መልሰህ ላክ» ይልበታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከጋለሪ ውጪ ተስፋፋ።

ዛሬ አንድ ሰው ስራ ላኩልኝ ብሎ ጥሪ ያወጣና የመጣለትን ኤግዚቢሽን ላይ ያሳያል። «ዳኛ የለም» ማለት የመጣው ሁሉ ይሰቀላል፣ አርት ስኩል ተማርክ አልተማርክ የሚጠይቅህ የለም። መመዝገቢያም የለውም፣ የቴምብር ብቻ ነው የምትከፍለው። ሰው የሚያኮርፈው «አይመለስም» የሚለው ላይ ነው፦ የላክኸው እዛው ይቀራል፣ በምትኩ የተሳታፊዎች ዝርዝር ወይ ካታሎግ (የኤግዚቢሽኑን ስራዎች የሚያሳይ ህትመት) ይላክልሃል።

ለምሳሌ አንዱ «ጭብጡ ጫማ ነው» ብሎ ጥሪ አወጣ እንበል። አንተ ፖስትካርድ ላይ የሊስትሮ ብሩሽ ስለህ ላክህ፣ የስድስት አመት ልጅህ የሞነጫጨረችውንም እዛው ፖስታ ውስጥ ከተትክ። ሁለቱም ይሰቀላሉ። ያንተን ሰቅሎ የልጅቷን ካስቀረ ደንቡን ጥሷል፣ አለቀ።

ከጥሪ ጥሪ የሚለያየው መጠኑ፣ ጭብጡና ቀነ ገደቡ ነው፣ እሱን ጥሪው ላይ አንብቡ። ካታሎጉም አንዱ ጋ ወፍራም መጽሐፍ ነው ሌላው ጋ አንዲት ፎቶኮፒ (እኔ በበኩሌ ፎቶኮፒዋን ነው የምወደው)። መግቢያ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ግን እሱ ተራ ውድድር ነው፣ ስሙን ሜይል አርት ቢለውም።