ያልተነገረ እውቀት ምንድን ነው?

አክስቴ ከሐረር ወርዳ ድሬዳዋ እኛ ቤት ስትሰነብት የመጀመሪያው እንጀራዋ ተበላሸባት። አርባ ዓመት የጋገረች ሴት ናት። እርሾውንም ከራሷ ቤት በሃይላንድ ይዛ ነው የመጣችው። የድሬ ሙቀት ግን ሊጡን በማግስቱ አስገንፍሎ፣ አኮምጥጦ ጠበቃት። በሳምንቱ እንጀራዋ ዓይኑን አወጣ። ምን እንዳደረገች ስጠይቃት፣ «ሊጡን አየሁታ!» አለችኝ። ምኑን አየሽው? «እንዴ፣ መልኩን ነዋ።»

አክስቴ የምታውቀው፣ በቃል ልትሰጠኝ ግን ያልቻለችው ነገር ነው ያልተነገረ እውቀት የሚባለው። ሐሳቡን ያስፋፋው ከኬሚስትነት ወደ ፍልስፍና የገባው የሃንጋሪ ተወላጅ ማይክል ፖላኒ ነው። «ስውር» ብዬ ልጠራው አልፈለግሁም፤ ማንም አልደበቀውማ። የእኛ ሰው «ሙያ በልብ ነው» ሲል የዚህን ጫፍ ሳይነካ አልቀረም።

ሳይንቲስት ሁሉን ነገር ጽፎ ያስቀምጣል፣ እሱን ይህ አይመለከተውም እንል ይሆናል። እንግሊዛዊው ሶሲዮሎጂስት ሃሪ ኮሊንስ ግን ይህንኑ ሊያይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ ላቦራቶሪዎች ዞረ። ያኔ ከካናዳ የወጣ ቲኢኤ የሚባል አዲስ የጋዝ ሌዘር ነበር፤ ሁሉም ሊሠራው ይታገላል። የታተመውን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ የተሳካለት አንድም አላገኘም። የተሳካላቸው ሁሉ ከሠራ ሰው ጋር የተገናኙ ናቸው። አንዷ ምክንያት ሽቦ ነበረች። ከካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅመው ዕቃ) የሚወጣው ሽቦ አጭር ካልሆነ ሌዘሩ አይሠራም። ይህን ሳያውቅ፣ የሠራውን ሰው ዕቃ አይቶ እንዳለ የገለበጠ ግን ተሳካለት።

ነገሩ የሚከረው ውጤት ሲያከራክር ነው። ጆሴፍ ዌበር የተባለ አሜሪካዊ ፊዚሲስት በ1969 (እ.ኤ.አ.) የስበት ሞገድ፣ ማለትም ግዙፍ የሰማይ አካላት ሲጋጩ በሕዋ የሚሰራጨውን ስስ ንዝረት፣ ያዝኩ አለ። ሌሎች መሣሪያ ሠርተው ሞከሩ፣ ምንም አላገኙም። ታዲያ ሞገዱ የለም ወይስ መሣሪያቸው ደካማ ነው? መሣሪያው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሞገዱን ሲይዝ ነው። ሞገዱ መኖሩ ደግሞ ገና የሚያከራክር ነው። እንጀራ ሲበላሽ ጤፉን እንውቀስ ወይስ ጋጋሪዋን እንደማለት። በመጨረሻ የዌበርን ውጤት አብዛኛው ፊዚሲስት አልተቀበለውም። ይህንንም ክርክር ያጠናው ኮሊንስ ግን የስበት ሞገድ ፈላጊዎቹን ትቶ አልሄደም። ከ40 ዓመት በላይ አብሯቸው ቆይቶ፣ ላይጎ የተባሉት መሣሪያዎች በመስከረም 2015 (እ.ኤ.አ.) ሞገዱን ሲይዙም እዚያው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ መኖር! እኔ አልችልም።

አክስቴ ሐረር ከተመለሰች በኋላ እኔው አቦካሁ። አብሲት ከመጣሌ በፊት የሊጡን ፎቶ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«በፎቶ ምኑ ይታያል? አሽትቺው።»

አሸተትሁት። ምን ምን እንደሚል ግን ልነግራት አልቻልሁም።