የኮሚክ «ኦሪጅናል አርት» ምንድን ነው? ፊርማስ ያሳምረዋል ወይስ ያበላሸዋል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ፍሬም ያደረኩት አንድ የኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ገጽ አለ፣ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ መጀመሪያ የሚፈልገው ፊርማውን ነው። ካጣው ደሞ «አቦ ይሄማ ፊርማ የለውም፣ በምን ታውቃለህ ኦሪጅናል መሆኑን?» ይለኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ኦሪጅናል አርት የሚባለው የኮሚኩ መጽሔት ከመታተሙ በፊት ሰዓሊው በገዛ እጁ የሠራው ወረቀት ነው። ወፈር ያለ ለስላሳ ወረቀት ላይ መጀመሪያ በእርሳስ ይነደፋል፣ ከዛ በብሩሽ ወይ በብዕር ጥቁር ቀለም ይሄድበታል፣ ከዛ ፎቶ ይነሳና ወይ ስካን ይደረግና ነው ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው። የአሜሪካኖቹ ገጽ አሁን በአብዛኛው 28 በ43 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት ደሞ ከዚህም ይተልቃሉ፣ ማለትም መጽሔቱ ላይ ያያችሁት ተቀንሶ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ላጲስ ያልጨረሰው የእርሳስ መስመር አለ፣ ፍሉድ ተቀብቶ እንደገና የተሳለ ጣት አለ፣ ጥቁር የተሞላበት ቦታ ላይ ብሩሹ የሄደበት አቅጣጫ ሁሉ ይታያል። እኔን የሚያሳብደኝ ይሄ ነው፣ ሰውየው የተሳሳተበትን ቦታ ታየዋለህ።

እና ፊርማው? የታተመ መጽሔት ከሆነ ገብቶኛል፣ አንድ ዓይነት ሆኖ በመቶ ሺዎች ከታተመ ውስጥ ያንተን የሚለየው ሰዓሊው ይዞት የፈረመበት መሆኑ ነው። ኦሪጅናሉ ገጽ ግን መጀመሪያውንም አንድ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ መስመር የሰውየው እጅ ነው፣ ስሙን ጨመረበት አልጨመረበት እዛ ወረቀት ላይ ሰዓታት ቁጭ ብሎበታል። ቀፊራ አካባቢ የድሮ የሱቅ ታፔላዎችን አይታችሁ ከሆነ ሰዓሊው ጥግ ላይ ስሙንና ስልኩን ይጽፍ የለ? ለቀጣይ ሥራ እንዲደወልለት ነው እንጂ ታፔላው የሱ መሆኑማ ፊደል አጣጣሉን ለሚያውቅ ሰው ከመንገዱ ማዶ ይታወቃል።

ደሞ ፊርማ ሁሌ እውነቱን አይናገርም። ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ሲጀምር ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሥራው ላይ የሚታየው የቦብ ኬን ስም ነበር፣ ግን ብዙዎቹን የሳሉት እንደ ጄሪ ሮቢንሰንና ዲክ ስፕራንግ ያሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ ከጅምሩ አብሮት ገጸ ባሕሪውን የፈጠረው ደራሲ ቢል ፊንገር ደሞ ስሙ በይፋ የተጻፈለት በ2015 ነው፣ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ። ይሄን ሳስብ ያናድደኛል። ካርል ባርክስ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ለዓመታት ሲሠራ ስሙ አይወጣም ነበር፣ አንባቢዎች ግን በእጁ ብቻ ለይተውት «ጎበዙ የዳክዬ ሰዓሊ» ይሉት ነበር፣ ማን እንደሆነ የደረሱበት በ1960 ገደማ ነው። ያለ ፊርማ!

ሌላው ነገር አንድ ገጽ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በእርሳስ የነደፈው ሌላ፣ ቀለም የሄደበት ሌላ፣ ጽሑፉን የጻፈው ሌላ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ፊርማ ጥቅም አለው፣ በተለይ ቀለም የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ የሁለቱም ስም ዳር ላይ ካለ ደስ ይላል። ወረቀቱን ነክቶት የማያውቅ ደራሲ መሀል ላይ በትልቁ ሲፈርምበት ግን እኔ አልወደውም፣ ጥሩ ደራሲ ቢሆንም።

ትልቁ ጉዳይ የት ተፈረመ ነው። ሰዓሊው ሲስል አብሮ ሥዕሉ ውስጥ ያስገባው ፊርማ፣ ጥግ ላይ ድንጋይ ስር ምናምን፣ የሥዕሉ አካል ነው፣ ማንም አይቃወመውም። ከዓመታት በኋላ በማርከር የሚጨመረው ነው ችግሩ። እኔ ራሴ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ሰፈራችን አንድ ጋሼ አለ፣ ባቡሩንና የጣቢያውን ሰዎች በኮሚክ የሚሥል፣ አንዱን ገጽ ሰጠኝና እኔ ደስታው ስላሰከረኝ «ጋሼ ፈርምልኝ!» ብዬ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ማርከር አቀበልኩት (ድሬ አንቱታ የለም፣ ታውቃላችሁ)። ሰማዩ ላይ ፈረመልኝ፣ ባዶ የተወው ሰማይ ላይ። ያ ባዶነት የድሬን የቀትር ሙቀት የሚያሳይበት ቦታ ነበር፣ አሁን ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ነው። በዛ ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ እየሰረገ ዙሪያውን ቢጫ አደረገው፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደሞ ፊርማውን ወደ ወይን ጠጅ ለወጠው፣ ሥዕሉ ግን ያው ጥቁር ነው። በላጲስም በፍሉድም አይነካ፣ ከነካሁት ሥዕሉን ነው የማበላሸው።

ዋጋውስ ለሚል፣ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ገጹ ላይ ለሚሆነው ነገር ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ማይክ ዜክ የሳለው የ1984 አንድ የስፓይደርማን ገጽ በጨረታ 3.36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ ለምን ቢባል ጥቁሩ ልብስ እንዴት እንደመጣ የሚታየው እዛ ገጽ ላይ ስለሆነ ነው። ያ ልብስ ነው በኋላ ቬነም የሚባለው የስፓይደርማን ጠላት የሆነው።

«ለእገሌ» ተብሎ የተፈረመው ላይ ሰው ይለያያል፣ ለመሸጥ ያስቸግራል የሚሉ አሉ፣ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ማን ይሰቅላል ብለው። እኔ እወደዋለሁ፣ ገጹ ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ ይናገራላ።

ባለፈው ጋሼ ሁለተኛ ገጽ ሲሰጠኝ ማርከር አላወጣሁም። ወረቀቱን ገልብጬ እርሳስ ሰጠሁት፣ ጀርባው ላይ ታች ጥግ ስሙን፣ ቀኑንና «ድሬዳዋ» ብሎ ጻፈልኝ፣ ሳሎን ያለው እሱ ነው። ሰማዩ የተበላሸው መኝታ ቤት ነው ያለው፣ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ።