የአደራ ልጅ ገንዘብ፦ ደመወዝ ወይስ የልጁ ቀለብ?

አሜሪካ በምንኖር ሰዎች መካከል ይህ ጥያቄ ስለሚደጋገም ላብራራው። መንግሥት በአደራ የሰጠውን ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ ደመወዝ ሳይሆን የልጁ ወጪ መሸፈኛ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ዝርዝሩን አስቀምጦታል፦ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ የዕለት ክትትል፣ የትምህርት ቁሳቁስ፣ ልጁ ወላጆቹን ለማየት የሚሄድበት መጓጓዣ ሳይቀር። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በሜዲኬድ (በመንግሥት የጤና መድን) ይሸፈናል።

አንዲት ሴት በወር 700 ዶላር ይሰጣታል እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው)። ጫማው፣ ምሳው፣ ደብተሩ፣ ከመብራትና ከውሃ የሚደርስበት ድርሻ ከዚያው ይወጣል። ክረምት ሲመጣ ካፖርት አለ፤ ልጅ ያሳደገ ሰው የሚተርፈውን ያውቀዋል! በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይዋን ለመክፈል ካሰበች ግን ገና ልጁን ለመውሰድ ስታመለክት ችግር ይገጥማታል፤ የራሷ ገቢ ለቤቷ እንደሚበቃ አስቀድማ ማሳየት አለባትና።

ግብሩስ? ከመንግሥት ወይም ፈቃድ ካለው ድርጅት የሚመጣው ይህ ክፍያ በአብዛኛው በፌዴራል ግብር እንደ ገቢ አይቆጠርም።

የሚለያየው መጠኑ ነው። እንደየግዛቱ፣ እንደ ልጁ ዕድሜና እንደሚያስፈልገው እንክብካቤ ከፍና ዝቅ ይላል። የጎረቤት ግዛት ዘመድ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ።

የእህትን ልጅ በቤተሰብ ስምምነት ብቻ ወስዶ ማሳደግ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ልጁ በመንግሥት አደራ ሥር ስላልሆነ ይህ ክፍያ አይመጣም።