«ዘር ከልጓም ይስባል»፦ ከጋሪ ፈረስ እስከ ጉማሬ

ሐዋሳ ውስጥ ጋሪ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ተረት በዓይኑ አይቶታል። ባለጋሪው ወደ ቀኝ ይስባል። ፈረሱ ማዶ ሌላ ፈረስ አይቷል፤ ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ቆልምሞ ያሽካካል። ልጓሙ አፉ ውስጥ የገባ ብረት ነው፣ ያማል። እሱ ግን ወደ ወገኑ ይጎትታል።

ተረቱ የሚነገረው ሰው ለዘመዱ ሲያደላ ነው። ከአባቱ ርቆ ያደገ ልጅ አረማመዱ ቁርጥ አባቱን ሲሆንም ይባላል። አሁን አሁን ለመወቃቀሻ መዋሉ አይጥመኝም።

እኔን የሚያስታውሰኝ ባዮሎጂን ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1735 ፍጥረታትን ሲመድብ ዓሣ ነባሪን ከዓሦች ጋር ደመረው። በ1758 ሐሳቡን ቀይሮ ከአጥቢዎች ቀላቀለው። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ዓሣ» እንላለን፤ የሌሊት ወፍንም «ወፍ»። ስም ያወጣነው በዓይናችን አይተን ነዋ!

ዛሬ መልክ ብቻውን አያስመድብም። ዲኤንኤ ይመረመራል፣ ዘር ይቆጠራል። ትምህርት ቤት የሸመደድናቸው 5 ኪንግደሞች፣ ማለትም የፍጥረታት ምድቦች (ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንገስ፣ እፅዋት፣ እንስሳት)፣ የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዊታከር ናቸው፣ የ1969። በ1977 ሌላው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ካርል ዉዝና ባልደረባው ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ በዘራቸው ግን ሌላ የሆኑ ጥቃቅን ፍጥረታት መኖራቸውን አሳዩ፤ አርኪያ ይባላሉ። ከዚያ በ1990 ከኪንግደም በላይ የሆኑ ሦስት ታላላቅ ምድቦች መጡ፦ ባክቴሪያ፣ አርኪያ፣ ዩካርዮት (ሴላቸው ኒውክለስ ያለው)። እኛም፣ ዋርካውም፣ እንጉዳዩም ዩካርዮት ነን። እንጉዳይ ደግሞ ከጎመን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። (ጿሚዎች፣ አልሰማችሁም።)

ባለፈው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ቆሮሶ ዓሣ ስበላ አንድ ባለጀልባ «ጋሼ፣ ጉማሬ ላሳይዎት?» አለኝ። ሄድን። ከውሃው በላይ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ይታያል።

«አሳማ ይመስላል አይደል?» አለኝ።

ድሮ ሳይንቲስቶችም ከአሳማ ጋር ያዛምዱት እንደነበር ነገርኩት። የዘር ምርመራው ግን በሕይወት ካሉት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ዓሣ ነባሪ ነው አለ። የጋራ አያታቸው የኖረው ከ50 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ነው። አንዱ ባሕር ገባ፣ አንዱ ወንዝና ሐይቅ ዳር ቀረ።

ልጁ መቅዘፊያውን አቁሞ ትንሽ አሰበ። «ቀኑን ሙሉ ከውሃ አልወጣ የሚለው ለካ ዘመዶቹ ናፍቀውት ነው!»

ማታ ማታ ሣር ሊግጥ እንደሚወጣ አላነሳሁበትም።